ሎቲ ሜይ፦ በፖቶማክ ጭቃ ውስጥ የቀረችው የእንፋሎት ጦር ጀልባ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከቤት የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ባለቤቴ ዘሀራ አንድ ቴርሞስ ሻይና በፎይል የተጠቀለለ የምስር ሳምቡሳ እጄ ላይ አድርጋ፣ "በሳምንት አምስት ቀን ቦይለር ስትጠብቅ ትውላለህ፤ በስድስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ቦይለር ልታይ ትሄዳለህ" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ኑሩ እባላለሁ። አገር ቤት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የእንፋሎት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እዚህም ከመጣሁ ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ቦይለር እጠብቃለሁ። ግፊት አነባለሁ፣ ውሃ እመረምራለሁ፣ የሚያፈስ ቫልቭ እቀይራለሁ። ከዚህ ሥራ ታሪክ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የጉዞው ምክንያት ሚስ ሎሬታ ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከአሌክሳንድሪያ እየመጡ በሆስፒታላችን መግቢያ ላይ በበጎ ፈቃድ እንግዳ ይቀበላሉ። ከአንድ ወር በፊት ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው እኔ ያለሁበት ድረስ መጡ።

"ቦይለር የሚያውቀው ሰውዬ አንተ ነህ?" አሉኝ።

"ይሞከራል" አልኳቸው።

ወንበር ሰጠኋቸውና የመጡበትን ነገሩኝ። የሴት አያታቸው አያት አይዛያ ይባላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ከዛሬ አንድ መቶ ስልሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ሎቲ ሜይ በተባለች የሰሜኑ መንግሥት ጦር ጀልባ ላይ እሳት አንዳጅ ነበር። መቃብሩ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አለ፤ ድንጋይ ግን ቆሞለት አያውቅም። ዘንድሮ ቤተሰቡ ተሰባስቦ ሊያቆምለት ነው። ድንጋይ ቀራጩ የሚጽፈውን እስከ መጪው ሰኞ ይጠብቃል።

"አይዛያ ጀልባዋ ላይ በእንፋሎት ተቃጥሏል" አሉ። "ግማሹ ቤተሰብ 'ጀልባዋን ያዳናት እሱ ነው' ይላል። ግማሹ ደግሞ 'ምስኪን ነው፣ እንፋሎቱ በቆመበት ደረሰበት' ይላል። የጀልባዋን መዝገብ ቅጂ አግኝቻለሁ። አንድ ጥቁር እሳት አንዳጅ መቃጠሉን ይጠቅሳል፤ ስሙን እንኳ አልጻፈም። ታሪክ የተማሩ ሰዎች ስጠይቅ ስለ መድፎቹ ነገሩኝ። ስለ ቦይለሩ የሚነግረኝ አጣሁ። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ነገር ድንጋይ ላይ አላስቀርጽም።"

ቦይለሩ አሁንም ወንዙ ውስጥ አለ። ውሃው ሲጎድል ጀርባው ይወጣል። የዛሬው ቅዳሜ ከቀትር በፊት ደግሞ ውሃው ከወትሮው አብልጦ የሚጎድልበት ቀን ነው።

ላንድማርክ

የመሬት ቦይለር አውቃለሁ፤ የመርከብ ግን አላውቅም። ስለዚህ ገና ያኔ ጋሽ ክፍሌ ትዝ አሉኝ። ጋሽ ክፍሌ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል የማሽን ክፍል ያገለገሉ፣ እዚህ ደግሞ ረጅም ዘመን ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር አንድ የሐበሻ ሱቅ ደጅ ላይ መኪናዬ አልነሳ ብላኝ ኮፈኑን ከፍተው ሲያስነሱልኝ ነው። ድምፅ ሰምተው የሞተር በሽታ ይለያሉ።

መጀመሪያ ኮል ሳደርግላቸው፣ "ኑሩ፣ እኔ ውሃ ላይ አልወጣም" ብለው ዘጉት። ምክንያቱን አልነገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ።

"ቦይለሩ ስንት ምድጃ አለው?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ሳታውቅ እንዴት ልታየው ትሄዳለህ? ና ውሰደኝ።"

ከሲልቨር ስፕሪንግ ላንድማርክ ከተማውን በሚዞረው በቤልትዌይ መንገድ በኩል ቅዳሜ ጠዋት አርባ ደቂቃ አይሞላም። የዊልሰንን ድልድይ ስሻገር ፀሐይዋ ከሜሪላንድ በኩል ወጥታ ፖቶማክን ከዳር እስከ ዳር አበራችው። ድልድዩን በዓመት ስንት ጊዜ እሻገረዋለሁ፤ ወደ ታች የተመለከትኩት ግን ዛሬ ነው። እንዲያ ሰፊ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር።

ጋሽ ክፍሌ ከአፓርትመንታቸው በር ላይ ጥቁር ሹራብና ወፍራም ጃኬት ለብሰው፣ በእጃቸው ባትሪና የብረት ብሩሽ ይዘው ቆመዋል። ገብተው ቀበቶ አሰሩና ባትሪውንና ብሩሹን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

አሌክሳንድሪያ፣ የወንዙ ዳር

ሚስ ሎሬታን ያገኘናቸው በአሮጌው ከተማ፣ ዋናው መንገድ ወንዙ ጋር በሚያልቅበት ቦታ ነው። ውሻ ይዘው የሚሮጡ ሰዎች፣ የቡና ወረፋ፣ የጡብ መንገድ፣ ቀያይ የጥቅምት ቅጠሎች። ሟች ባለቤታቸው ዓሣ ያጠምዱባት የነበረችውን የአሉሚኒየም ጀልባ ከፒክአፓቸው ኋላ ጎትተዋታል።

ጋሽ ክፍሌን ሳስተዋውቃቸው እጃቸውን ጨብጠው፣ "ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ" አሏቸው። ጋሽ ክፍሌም በዚያ ጠንቃቃ የባሕር ኃይል እንግሊዝኛቸው፣ "ገና ምንም አላደረግኩም፣ እመቤት" ብለው መለሱ።

"ሎቲ ሜይ እዚህ ትቆም ነበር" አሉ ሚስ ሎሬታ፣ ቱሪስት የሚጭኑት ነጫጭ ጀልባዎች ወደታሰሩበት እያሳዩን። "በጦርነቱ ጊዜ ይህ ከተማ የሰሜኑ ጦር መጋዘን ነበር። ሬሳውም፣ ቁስለኛውም፣ በቅሎውም፣ ዱቄቱም በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። ከባርነት ያመለጡ ሰዎችም በሺህ እየሆኑ የመጡት ወደዚህ ነው።"

ከዚያ ተከትለናቸው በሩት ዋን አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ነዳን። የመኪና መሸጫዎቹና የፈጣን ምግብ ቤቶቹ እያለቁ ዛፉ እየበዛ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ከተጓዝን በኋላ ወደ ግራ ታጥፈን አንዲት ጠባብ የጀልባ ማውረጃ ጋ ደረስን። ለመግቢያ የተከፈለው አሥር ዶላር ነው፤ ሚስ ሎሬታ ከለከሉኝና ራሳቸው ከፈሉ።

ጀልባዋ ውሃ ላይ ወረደች። እኔ ተንገዳግጄ፣ የሚስ ሎሬታን ትከሻ ይዤ ገባሁ። ጋሽ ክፍሌ ግን የእንጨቱ መቆሚያ ጫፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ውሃውን ያያሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። አንዲት ቃል ልናገር ስል ሚስ ሎሬታ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ጋሽ ክፍሌ ቆየት ብለው አንድ እግራቸውን ልክ መሐል ወለሉ ላይ አሳረፉና ያለ ድጋፍ ገቡ። ጀልባዋ እንኳ አልተነቃነቀችም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ውሃ ያልነካ እግር እንደዚያ ሲያርፍ ሳይ ገረመኝ።

ወንዙ ላይ

ሞተሩ እያጉረመረመ ወደ ሜሪላንድ ዳርቻ አቀናን። ሚስ ሎሬታ መሪውን ይዘው የሎቲ ሜይን ታሪክ እየጮኹ ይነግሩን ጀመር። መምህርት ናቸውና ሲናገሩ ወንዙን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ይጠቀሙበታል።

ሎቲ ሜይ ለጦርነት አልተሠራችም። ሰውና ከብት፣ ጋሪና አትክልት ከዳር ዳር የምታሻግር የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ በጎንና ጎኗ ትልልቅ የሚቀዝፉ መንኮራኩሮች፣ በሆዷ ሁለት ቦይለሮች። ጦርነቱ ሲነሳ ባሕር ኃይሉ ጀልባ አጥሮት ስለነበር ገዛት። በቅሎ ይቆምበት የነበረው ወለል ተጠናክሮ ፊት ለፊቷ አንድ መድፍ፣ ከኋላዋ አንድ መድፍ ተተከለ። ጎኗ ላይ ወፍራም ሳንቃ ተመታ። ብረት የለበሰ ነገር አልነበራትም። ነገር ግን ጥልቀት ስለማትፈልግ ትልልቆቹ መርከቦች የማይደርሱበት ጅረት ሁሉ ውስጥ ትገባ ነበር።

"ያ ከፍታ ይታያችኋል?" አሉ፣ በቨርጂኒያ በኩል ወዳለው ገደል እየጠቆሙ። "ደቡቦቹ እዚያ ላይ መድፍ ተክለው ወንዙን ሊዘጉት ነበር። ወንዙ ከተዘጋ ዋሽንግተን በውሃ በኩል ታነቀች ማለት ነው። ሎቲ ሜይ በእነዚህ መድፎች አፍ ሥር ስትመላለስ ከረመች።"

ገደሉን ቀና ብዬ አየሁት። አሁን ላዩ ላይ መስታወታቸው የሚያብለጨልጭ ቪላዎች አሉበት። ከዚያ ላይ ቆሞ በእንጨት ጀልባ ላይ መተኮስ ማለት ከፎቅ ላይ ሆኖ ሳህን እንደ መምታት ነው።

ስታልፍ ጭስ እንዳያጋልጣት እሳቷን ያዳፍኑት ነበር። እንፋሎቱ ሳይወርድ እሳቱን ማዳፈን ምን ያህል ችሎታ እንደሚጠይቅ እኔ አውቃለሁ። ግፊቱ ከወረደ መሐል ወንዝ ላይ ትቆማለህ፤ ካበዛኸው ደግሞ ጭስ ማውጫህ ብልጭታ ይተፋል። ዛሬ እኔ ይህን የሚሠራልኝ ኮምፒውተር አለኝ። እነሱ የነበራቸው አካፋና ዓይን ነው።

ሚስ ሎሬታ ሌላም ነገሩን። ሎቲ ሜይ ለደቡቦቹ መልእክትና መድኃኒት እየደበቁ የሚያሻግሩ ትናንሽ ጀልባዎችን ስታሳድድ ትውላለች። መርከበኞቿ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠሉ፣ ባሩድ የተሞሉ በርሜሎችን በመንጠቆ እየሳቡ ያከሽፋሉ። አንዱን በርሜል ሲስቡ ገመዱ ተበጥሶ እየተንሳፈፈ ጎኗን ታክኮ ማለፉ መዝገቡ ላይ አለ። ጸሐፊው ያንን ቀን በአንድ መስመር ብቻ ነው ያለፈው፤ ቀጥሎ የጻፈው ስለ ድንጋይ ከሰል መጫን ነው።

"አይዛያስ መቼ ነው የመጣው?" አልኳቸው።

ሞተሩን ቀነስ አደረጉ። "በሁለተኛው ዓመት። በዚያኛው ጅረት አፍ" አሉ። "ጠዋት ላይ ጉም አለ። ጉሙ ውስጥ ከባርነት የሸሹ ሦስት ሰዎች በአንዲት የምታፈስ ታንኳ ከአጥር የተነቀለ ሳንቃ እንደ መቅዘፊያ ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ይቀዝፋሉ፣ አንዱ በባርኔጣው ውሃ ይቀዳል። ዘበኛው መሣሪያ ሲያቀባብል አንደኛው ተነስቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። አይዛያ ነው። ይህን ራሱ ለአያቴ ነግሯታል። ስለዚያ ጠዋት ሲያወራ አይሰለችም ነበር፤ ስለ ቦይለሩ ግን አንድ ቀን አልተነፈሰም።"

ካፒቴኑ ሦስቱንም አወጣቸው። አይዛያ እዚያው ፈረመ፤ ስም መጻፍ ስለማይችል መስቀል አኖረ። የሰጡት ሥራ ከሁሉም የታችኛውን ነው፤ ድንጋይ ከሰል መዛቅ።

"ከታች ምን ያህል ይሞቃል?" ብለው ሚስ ሎሬታ ወደ እኔ ዞሩ።

መልሱን የሰጡት ጋሽ ክፍሌ ናቸው። ከተሳፈርን ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። "እዚያ ውስጥ ቀኑና ሌሊቱ አይለይም፣ እመቤት። ላይ ጦርነት ይሁን ሰርግ አታውቅም። የምታውቀው ደወሉን ብቻ ነው። ወደፊት ሲሉህ ወደፊት ነው። ቁም ሲሉህ ቁም ነው።"

ቦይለሩ

ሎቲ ሜይ ወደተጣለችበት ወሽመጥ ስንገባ ሚስ ሎሬታ ሞተሩን አጠፉና በመቅዘፊያ ቀጠልን። ውሃው ጎድሎ ጭቃው ወጥቷል። ከደረቀ ዛፍ ላይ አንድ ንስር ተነስቶ በላያችን በረረ። ከዚያ አየሁት።

መጀመሪያ ጉማሬ መስሎኝ ነበር። ከጭቃው ውስጥ ቡናማ፣ የጎበጠ ብረት፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚኒባስ አያንስም። ጎንና ጎኑ ላይ የጀልባዋ አጥንቶች፣ ጠቁረው ጫፋቸው የሾለ እንጨቶች፣ በሰልፍ ቆመዋል። ከጦርነቱ በኋላ ሎቲ ሜይ ተሽጣ እንደገና ሰውና ከብት አሻግራለች፤ በስተርጅናዋ እንጨት ጫነች፤ በመጨረሻም አንደኛው ቦይለሯ ተነቅሎ እዚህ ተጣለች። የቀረው የግራው ነው።

እጄን አሳረፍኩበት። ቀዝቃዛ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ቦይለር ነክቻለሁ፤ ይህን ስነካ ግን መስጊድ ስገባ እንደሚሰማኝ ያለ ዝምታ ወረደብኝ። ምስማሮቹ በእጅ የተመቱ ናቸው፤ አንድ በአንድ፣ በመዶሻ። አንድ መቶ ስልሳ ዓመት ዝገት በልቷቸው አሁንም ይዘዋል።

"ምንም ነገር አይነቀልም፣ አይወሰድም" አሉ ሚስ ሎሬታ። "ማየት ብቻ።"

ጋሽ ክፍሌ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ወርደዋል። በብሩሹ የተጣበቀበትን ዛጎል በቀስታ ያራግፋሉ፣ በባትሪው ያበራሉ፣ ይዞራሉ። ሚስ ሎሬታ የመዝገቡን ቅጂ ከፕላስቲክ አውጥተው ስለዚያ ቀን ያነቡልናል። ሎቲ ሜይ በአንድ ጠባብ ጅረት ውስጥ በጠላት የተከበቡ የሰሜን ወታደሮችን ልታወጣ ገብታለች። ከዳር ዳር ይተኮስባታል። ወታደሮቹ እየተሳፈሩ ሳለ የመድፍ ጥይት የግራ ጎኗን በስቶ ገባ። የታችኛው ክፍል በእንፋሎት ተሞላ። መንኮራኩሮቹ ቆሙ። ጀልባዋ ወደ ጠላት ዳርቻ መንሸራተት ጀመረች። ከዚያ የሚቀጥለው መስመር በአንድ ቦይለር ብቻ እየተነዳች መውጣቷን ይናገራል። በመካከል የሆነው አልተጻፈም።

"ኑሩ፣ ና" አሉኝ ጋሽ ክፍሌ።

ከቦይለሩ ጀርባ ላይ ጉልላት የመሰለ ነገር አለ፤ እንፋሎቱ የሚጠራቀምበት። ከጎኑ ግርጌ ላይ የብረት ልጣፍ ተመትቶበታል። የልጣፉ ምስማሮች ከሌሎቹ ይለያሉ፤ ያነሱና የተቀራረቡ ናቸው። በጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩት። ጥይቱ የገባው እዚያ ነው።

"አሁን ቧንቧውን አስበው" አሉኝ። "ሁለቱ ቦይለሮች አንድ ቧንቧ ላይ ይገናኛሉ። ይኸኛው ተበሳ። የደህነኛው እንፋሎትም በዚሁ ቀዳዳ ይወጣል። ለዚህ ነው የቆመችው። ምን ታደርጋለህ?"

"መገናኛውን ቫልቭ እዘጋለሁ።"

"የት ነው?"

ፈለግኩት። የቧንቧው ጉማጅ ወደ መሐል ይታጠፋል። ቫልቩ የነበረው፣ ሁለቱ ቦይለሮች በሚተያዩበት፣ አንድ ሰው በጎን በሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ምድጃዎቹ ደግሞ ከፊት ናቸው። ጋሽ ክፍሌ ከምድጃው ፊት ሄደው አካፋ እንደያዘ ሰው ቆሙ። ከኋላቸው፣ በእንጨቱ ላይ፣ የመሰላሉ ማሰሪያ ሁለት ብረቶች ተሰክተው ቀርተዋል።

"አይዛያ እዚህ ቆሟል" አሉ። "መሰላሉ ከጀርባው ነው፤ ሦስት እርምጃ። ቫልቩ ከፊቱ ነው፤ በቀዳዳው ሥር አልፎ።" ከዚያ ወደ ሚስ ሎሬታ ቀና ብለው፣ "እመቤት፣ የተቃጠለው ምኑ ነው?" አሉ።

"እጆቹ። ፊቱም በትንሹ።"

"የእጁ የትኛው በኩል?"

ሚስ ሎሬታ ወረቀቱን ዝቅ አደረጉት። "ምን ማለትዎ ነው?"

"እንፋሎት በድንገት ሲመጣብህ ፊትህን ትሸፍናለህ። የእጅህ ጀርባ ነው የሚቃጠለው" አሉ ጋሽ ክፍሌ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እያሳዩ። "ለዚህ ነው የምጠይቅዎት።"

ሚስ ሎሬታ የራሳቸውን እጅ ገልብጠው አዩ። ውሃው ጀልባዋን ቷ ቷ ያደርጋል። "መዳፎቹ" አሉ በመጨረሻ። "አያቴ ልጅ ሆና ጭኑ ላይ ስትቀመጥ መዳፉን ትዳብስ ነበር። እንደ መስታወት ልሙጥ ነው፣ መስመር የለውም ትል ነበር። ጣቶቹን ጨርሶ ማጠፍ አይችልም። ማንኪያ እንኳ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው።"

ጋሽ ክፍሌ እጃቸውን ከፊታቸው አውርደው፣ በአየር ላይ ክብ ነገር እንደሚጨብጡ አድርገው ያዙት። አዞሩት። "የቫልቩን መዘውር ይዟል" አሉ። "ብረቱ ግሏል። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ መዞር አለበት። ሲያቃጥለው ለቅቆ ቢሆን ኖሮ መዳፉ እንደዚያ አይሆንም። አለቀቀም።"

ሚስ ሎሬታ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም የቆምኩበት ጭቃ ቡት ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አልተሰማኝም። ዓይኔን ከልጣፉ ወደ መሰላሉ፣ ከመሰላሉ ወደ ቫልቩ ቦታ አመላለስኩት። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። ከባርነት ካመለጠ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው።

ጋሽ ክፍሌ የተናገሩት

ውሃው መመለስ ሲጀምር ጀልባዋ ውስጥ ገብተን ሳምቡሳውን በላን፤ ሚስ ሎሬታም የእንቁላል ሳንድዊች አምጥተው ነበር። ጋሽ ክፍሌ አልበሉም። ዓይናቸው ቦይለሩ ላይ ነው።

"ተክሌ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ" አሉ፤ ለእኔም ለሚስ ሎሬታም እንዲገባ በእንግሊዝኛ። "ምጽዋ በተያዘችበት ሰሞን ነው። የማሽን ክፍላችን ተመታ። የነዳጅ ቧንቧ ፈነዳና እሳት ተነሳ። ተክሌ ቫልቩን ልዝጋ ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ። ከላይ 'በሩን ዝጉ' የሚል ትእዛዝ መጣ። ካልተዘጋ መርከቧ በሙሉ ልትነድ ነው። በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ክፍሌ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በር እንደሚገፋ ሰው አደረጉ።

"ዘጋሁት። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ቢያንኳኳ እከፍታለሁ ብዬ። እሳቱ ነዳጅ አጥቶ ጠፋ፤ ቫልቩን ዘግቶታል ማለት ነው። ግን አላንኳኳም። አንድ ጊዜ እንኳ። እስከ ዛሬ የማይገባኝ እሱ ነው። ለምን አላንኳኳም?"

ሚስ ሎሬታ እጃቸውን የጋሽ ክፍሌ ክንድ ላይ አሳረፉ። "ቢያንኳኳ እንደሚከፍቱለት ያውቅ ነበራ" አሉ።

ጋሽ ክፍሌ አፋቸውን ከፈት አድርገው አዩአቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ሚስ ሎሬታ ሞተሩን አስነሱና ወደ ማውረጃው ተመለስን።

ሀያትስቪል

መኪና ውስጥ እንደገባን፣ ወደ ላንድማርክ ልታጠፍ ስል ጋሽ ክፍሌ፣ "ሀያትስቪል ውሰደኝ" አሉኝ። "የተክሌ እህት እዚያ አለች። ስንዱ ትባላለች። ዱሮ ታክሲ ስነዳ አንድ ቀን ተሳፈረችብኝ። ፎቶዋ በተክሌ ሣጥን ክዳን ላይ ተለጥፎ ስለነበር ወዲያው አወቅኳት። አስቤዛዋን በሯ ድረስ ተሸከምኩላት። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም።"

"አሁንም እዚያው ትሆን?"

"እናየዋለን።"

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሁለት ፎቅ የጡብ አፓርትመንት ነው። በሩን የከፈቱት ፀጉራቸው የሸበተ፣ የቤት ሹራብ የለበሱ ሴት ናቸው።

"ማንን ፈልጋችሁ ነው?"

"ስንዱ? የተክሌ እህት?"

"የትኛው ተክሌ?"

"የባሕር ኃይሉ" አሉ ጋሽ ክፍሌ። "እኔ ክፍሌ እባላለሁ። አብሬው ነበርኩ።"

ወይዘሮ ስንዱ የበሩን ጠርዝ ያዙ። ከዚያ፣ "ግቡ" አሉ።

ጋሽ ክፍሌ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ተናገሩ፤ ቧንቧውን፣ ትእዛዙን፣ በሩን። ሴትዮዋ እያቋረጡ አልጠየቁም። ሲጨርሱ ወይዘሮ ስንዱ ሹራባቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ስለ በሩ ዛሬ ምንም አልልዎትም" አሉ። "ለእኛ የተነገረን ባሕር ገባ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ዓሣ በአፏ አልዞረም። 'ልጄን የበላውን እንዴት እበላለሁ' እያለች። ሬሳውንስ? ባሕር ላይ ጣላችሁት?"

"አልጣልነውም!" አሉ ጋሽ ክፍሌ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። "ዳህላክ ስንደርስ እኔና ሁለት ጓዶች ቀበርነው። በእጃችን ቆፍረን። ከባሕሩ ራቅ ያለ ከፍታ ላይ ነው፤ ድንጋይ ከምሬበታለሁ።"

"ደረቅ መሬት ላይ?"

"ደረቅ መሬት ላይ።"

ወይዘሮ ስንዱ ተነስተው ስልካቸውን ፈለጉ። ቁጥሩን እየነገሩኝ የነካሁላቸው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላለችው ታናሽ እህታቸው ነው የደወሉት። እዚያ ሌሊት ስለሆነ ብዙ ጠራ። በመጨረሻ ሲነሳ፣ "ተነሺ፣ ተነሺ" አሉ እያለቀሱ። "ተክሌን ባሕር አልበላውም። መቃብር አለው።"

ከዚያ ወደ ጋሽ ክፍሌ ዞረው፣ "እራት ይቆያሉ" አሉ። ጥያቄ አልነበረም። እኔ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ቤት

ሲልቨር ስፕሪንግ የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ለዘሀራ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ እንደ ወትሮዋ መሐል ላይ አላቋረጠችኝም። እያወራን ሳለ ሚስ ሎሬታ ቴክስት አደረጉልኝ። ለድንጋይ ቀራጩ የላኩትን ነው፦ "አይዛያ። የሎቲ ሜይ እሳት አንዳጅ። ቫልቩን ዘጋ፤ አለቀቀም።"

ሎቲ ሜይ ስንት ጊዜ እንደተኮሰች መዝገቡ በዝርዝር ጽፏል። ምድር ቤቷ ውስጥ ማን እንደነበረ አልጻፈም። እኔ ከዚህ ጉዞ የያዝኩት ነገር ይህ ነው፦ አንድ ሰው ያደረገው ነገር ሳይነገር ሲቀር፣ የሚወዱት ሰዎች በቦታው ሌላ ነገር ተሸክመው ይኖራሉ። ሚስ ሎሬታ ጥርጣሬ፣ የተክሌ እናት ባሕሩን፣ ጋሽ ክፍሌም ያን በር። ዛሬ ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ጭቃ ውስጥ ቆመን፣ አንደኛው ለሌላው መንገር ጀመረ። ለማወቅ የተማረ ሰው አላስፈለገም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በቃ።